“ብሔርህ?” ከማለትህ በፊት “ዕድርህ የት ነው?” በለኝ

ነገሩ ቆየት ብሏል፤ ግን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። በዘመነ ኢሕአዴግ ነው። መታወቂያዬን ላሳድስ አንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተሰልፌ፣ ከስንት ምልልስ በኋላ ተራዬ ደረሰና መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል፣

“ብሔር?” አለችኝ።

“አባቴ ጉራጌ ነው፤ እናቴ የመንዝ ሴት ናት።”

“አንዱን ተናገር።”

“የኔ እህት፣ የወለዱኝ ሁለቱም ናቸው።”

“ቦታው አንድ ነው! ሁለት አይጽፍም!” ብላ በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን አንኳኳች። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ደግሞ “ወንድም፣ የአባትህን በልና አሳልፈን፤ ሥራ ፈተን አልመጣንም” አለ። የአባቴን አልኩ። እናቴ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከመታወቂያዬ ላይ ተሰረዘች ማለት ነው። ነፍሷን ይማርና፣ ለራሷ አልነገርኳትም። ብነግራት “ታዲያ ዘጠኝ ወር የተሸከመህ ቀበሌው ነው?” ማለቷ አይቀርም ነበር።

ጸሐፊዋን አልኮንንም። ቅጽ ሰጥተዋት ቅጽ ሞላች። ጠቤ ከቅጹ ጋር ነው። ደግነቱ አሁን ፋይዳ የተባለው መታወቂያ ብሔር አይጠይቅም። ለዚህ እንኳ ምስጋና ቢጤ ባቀርብ “ተደመረ” አትበሉኝ። ችግሩ፣ ከወረቀቱ የወጣው ነገር ከጭንቅላት አልወጣም።

እንግዲህ የቋንቋውም፣ የሃይማኖቱም፣ የኑሮ ደረጃውም ዓይነት የተለያየ ሰው አንድ ሰፈር ውስጥ ታጭቆ ሲኖር ይፋቀራል ወይስ ይፋጃል? ይህ ጥያቄ ሲነሣ ሁለት ዓይነት ሰዎች ቀድመው እጃቸውን ያወጣሉ። አንደኛው መድረክ ላይ ያለው ሹም ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን ሕዝቡን በባህል ልብስ አሰልፎ ያስጨፍርና “ልዩነታችን ውበታችን ነው” ይለናል። ይሁን፣ ውበት ነው። ግን ጭፈራው ሲያልቅ ሁሉም በመጣበት አውቶቡስ ወደየመጣበት ይመለሳል። ጎን ለጎን ጨፈረ እንጂ አብሮ የሠራው ነገር የለም።

ሁለተኛው የእኛው ሰው ነው፤ የከተሜው፣ ቡና ላይ ተቀምጦ የሚተክዘው። “ድሮ እኮ ዘር የሚባል ነገር አናውቅም ነበር! ፍቅር ብቻ!” ይላል። ይኼኛውን ከልቤ እወደዋለሁ፤ ግን ይዋሻል። አናውቅም ነበር እንዴ? ሸማኔውን “ቁጢት በጣሽ”፣ ቆዳ የሚያለፋውን “ፋቂ”፣ አንጥረኛውን “ቡዳ” ስንል የኖርነው እኮ እኛው ነን። አማርኛው የተሰባበረበትን ሰው ቢሮ ውስጥም፣ ትምህርት ቤት ውስጥም ስንስቅበት የኖርነው እኛው ነን። “ዘር አናውቅም ነበር” የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ማንም “ከየት መጣህ?” ብሎ ያልጠየቀው ሰው ነው። የተሳቀበትን ሰው ጠይቁት፤ ሌላ ታሪክ ይነግራችኋል።

ታዲያ ያ ሁሉ ስድብ እያለ ሰፈሩ እንዴት ሳይፈርስ ኖረ? ዋናው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል።

የአዲስ አበባ ሰው ምን ያህል ድብልቅ እንደሆነ ለማስታወስ ያህል፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማው ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን 700 ሺህ በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ 47 በመቶ ያህሉ አማራ፣ 19 ከግማሽ በመቶው ኦሮሞ፣ 16 በመቶው ጉራጌ፣ 6 በመቶው ትግሬ ነኝ ብሎ ተመዝግቧል። ግማሹን የያዘ አንድም ወገን የለም። በዚህ ላይ አዋጅ 47/67 አለ። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ብዙ ባለቤት አልቅሷል፣ ግፍም ተሠርቷል። ነገር ግን በዚያ አዋጅ ሳቢያ ድሃው ከመሀል ከተማ ሳይነቀል ቀረ። ዶክተሩና ጉልት ቸርቻሪዋ በአንድ ግድግዳ ተጠጋግተው አርባና ሃምሳ ዓመት ኖሩ። በእኛ ግቢ አንድ መጸዳጃ ቤት ለሰባት አባወራ ነበር። ስለ ብሔር ለመጨቃጨቅ እንኳ መጀመሪያ ወረፋ መያዝ ያስፈልግ ነበር።

ግን መጠጋጋት ብቻውን ፍቅር አይወልድም፤ እንዲያውም የመጸዳጃ ቤት ወረፋ ጠብ ይወልዳል። ሰፈሩን ያቆመው ዕድር ነው።

ዕድር ከየት መጣ? አጥኚዎች በብዛት የሚስማሙት፣ ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ አዲስ አበባ የገቡት ጉራጌዎች እንደጀመሩትና ከጣሊያን ወረራ ወዲህ እንደተስፋፋ ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙው ዕድር የአገር ልጆች ዕድር ነበር፤ የወንዝህ ሰው ይቀብርሃል። ኋላ ግን ከተማው ሰፋ። የአገርህ ልጅ ኮልፌ ይኖራል፣ አንተ ኮተቤ። ሬሳ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባትህ ቢሞት ጥሩምባው የሚሰማው አጥር ጥግ ላለው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ወላይታም ይሁን አደሬ እዚያው አለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለዚህ ነው። የሰፈር ዕድር የተወለደው ማንም ስለ ፍቅር ሰብኮ ሳይሆን ድንኳን የሚተክል ክንድ ስላስፈለገ ነው።

የእኛ ዕድር መዝገብ ላይ አራት ዐምድ አለ፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ መዋጮ፣ መቅጫ። አምስተኛ ዐምድ የለውም። ቀብር ሳይወጣ የቀረ ይቀጣል። ሚኒስትር ይሁን ኩሊ መቅጫው አንድ ነው። ድንኳን ተካዩ፣ ወንበር ተሸካሚው፣ አስተዛዛኙ ሁሉም በተራ ነው። ሙስሊም ሲሞት ቀብሩ በዕለቱ ነውና ክርስቲያኑ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል፤ ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ምግቡ አያጣላም ወይ? አያጣላም፤ ለቅሶ ቤት የሚቀርበው ሽሮና ምስር ስለሆነ ሁሉም ይበላዋል። እነዚያ የሰፈር እናቶች ስንት ምሁር የተጨነቀበትን ጉዳይ በሽሮ ፈትተውት ኖረዋል! ያ “ቁጢት በጣሽ” ይባል የነበረው ሸማኔም በዕድሩ ገንዘብ ያዥ ነበር። በጓዳ የሰደበው ሁሉ በወር አንዴ እፊቱ ቀርቦ ይከፍላል፤ ደረሰኝ ይቀበላል። እንዲህ በአንድ ጊዜ እንኳ ባይሆን ቀስ እያለ ስድቡ ከሰው አፍ ጠፋ።

ይህን የምለው የሰፈር ፍቅር ይዞኝ ብቻ አይደለም። የውጭ አገር ሰዎች ነገሩን አጥንተውታል። ሮበርት ፑትናም የሚባል የሃርቫርድ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ከሠላሳ ሺህ ያህል ሰው የተሰበሰበ መረጃ ተመልክቶ በ2007 ያወጣው ጽሑፍ ብዙ ሰው አስደንግጧል። በጣም ድብልቅ በሆነ ሰፈር የሚኖር ሰው ባዕዱን ብቻ ሳይሆን የገዛ ወገኑንም ብዙ አያምንም፤ ልክ እንደ ኤሊ አንገቱን ቀብሮ ይኖራል ነው የሚለው። ሌሎች ደግሞ ያንኑ መረጃ መልሰው አገላብጠው “ድብልቅነቱ ሳይሆን ድህነቱና የኑሮው መናጋት ነው” ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩን ለእነሱ ልተወው። ራሱ ፑትናምም ቢሆን በረጅሙ ጊዜ መቀላቀል እንደሚጠቅም ነው የጻፈው።

እኔን የማረከኝ ግን ሕንዳዊው አሹቶሽ ቫርሽኒ ነው። ጥያቄው ቀላል ነው። ሂንዱና ሙስሊም በተመሳሳይ መጠን የሚኖሩባቸው ሁለት ከተሞች አሉ፤ አሊጋርና ካሊከት። አሊጋር በየጊዜው ደም ይፋሰሳል፤ ካሊከት ሰላም ነው። ለምን? መልሱን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ሰጠ። በካሊከት የነጋዴው ማኅበር፣ የሠራተኛው ማኅበር፣ ክበቡ ሁሉ ሁለቱን ወገን የቀላቀለ ነው። ወሬ ሲነዛ ነጋዴው ተነሥቶ ወሬውን ይገድላል፤ ሱቁ የጋራ ነዋ! አብሮ ሻይ መጠጣት ጥሩ ነው፤ ከተማ ሲሰፋ ግን የሻይ ወዳጅነት ብቻውን ዱላ የመጣ ቀን አይችልም። ማኅበር ይችላል ነው ነገሩ። እኛም አገር “አብረን ቡና ጠጥተን፣ አብረን በልተን እንዴት?” እያለ የሚያለቅስ ብዙ ነው። ቡናማ ጠጥተናል፤ መዝገብ ያለው የጋራ ጉዳይ ነበረን ወይ ነው ጥያቄው።

እዚህ ላይ ዕድርን ታቦት አድርጌ እንዳልሸጥላችሁ አንድ ነገር ልናገር።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጦርነቱ ወደ መሀል አገር ቀርቦ ከተማው በፍርሃት ተውጦ ነበር። በአዲስ አበባ የትግራይ ተወላጆች በብዛት ይታሰሩ ጀመር። እስሩ ማንነትን የተከተለ ይመስላል ብሎ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ያኔ ሥጋቱን ገልጿል። ከእኛም ዕድር አንድ ሰው በሌሊት ተወሰደ። ልብስ ሰፊ ነው። የግማሻችን የሠርግ ሱሪ የተሰፋው በእሱ እጅ ነው። ወንጀሉ ምንድነው ሲባል መልስ የሚሰጥ ጠፋ።

በተከታዩ እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። ጸሐፊው ስም እየጠራ እሱ ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ቤቱ ጭጭ። ዳኛችን የስልጤ ሰው ናቸው፣ ሐጂ እንላቸዋለን።

“አለ ብለህ ጻፍ” አሉት።

“ሐጂ፣ የለም እኮ።”

“ታስሮ እንጂ ቀርቶ ነው? አለ በል አልኩህ!”

ተጻፈ። ከስብሰባው በኋላ ሐጂና ሁለት ሽማግሌዎች ምግብ ይዘው ጣቢያ ሄዱ። በዚያ ሰሞን ይህን ማድረግ ቀላል እንዳልነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። “እናንተስ ምኑ ናችሁ?” ሲባሉ “ዕድርተኞቹ ነን” አሉ። ፖሊሱ ይህን ቃል ያውቀዋል፤ ምግቡን ተቀበለ።

እስካሁን ደስ የሚል ነው፤ አይደል? ታዲያ ጠቋሚው ማን ነበር? ከዕድሩ ውጪ የሆነ ሰው ነው ብዬ ብጽፍ ጽሑፌ ያምርልኝ ነበር። ግን ዕድርተኛ ነው፤ ድንኳን አብሮ የሚተክል። የካቲት ላይ አዋጁ ተነሥቶ ልብስ ሰፊው ወጣ። ያልከፈለውን መዋጮ ይዞ ቢመጣ ሐጂ “ተከፍሏል” አሉት። ከጠቋሚው ጋር ዛሬም አይነጋገሩም። ባለፈው ዓመት የጠቋሚው እናት ሲሞቱ ግን ልብስ ሰፊው ወንበር ተሸክሞ አየሁት። ተራው ነበር።

ዕድር ያንን ያህል ነው የሚችለው። ከላይ መጥረቢያ ሲወርድ ዕድር ጋሻ አይሆንም። ለዚህም ማስረጃ ከፈለጋችሁ ጎረቤቶቻችንን ተመልከቱ። ኤድዋርድ ሚጌል የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጥናት ከኬንያ ቡሲያን፣ ከታንዛኒያ ሜአቱን አነጻጽሯል። የሁለቱም ሕዝብ ድብልቅ ነው። በኬንያው ወገን ጎሳው በተደበላለቀበት ቦታ ወላጆች ለትምህርት ቤት የሚያዋጡት ገንዘብ በጣም ያንስ ነበር፤ በታንዛኒያው በኩል ግን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። ልዩነቱ መንግሥታቱ ዘመኑን ሙሉ የዘሩት ነው። አንደኛው ጎሳን የፖለቲካ መሰላል አደረገ፤ ሌላኛው ስዋሂሊን በየትምህርት ቤቱ አስተምሮ፣ የጎሳ ሹመትን ሽሮ ሕዝቡን በጋራ ጉዳይ አሠራው። (ኔሬሬ ገበሬውን በግድ መንደር ያሰባሰቡበትን በደል ግን አብራችሁ አትቅዱ፤ እሱን እኛም በደርግ ጊዜ ጠግበነዋል።)

የእኛ መንግሥት ምን ዘራ? ተማሪውን ከየአቅጣጫው አምጥቶ ዩኒቨርሲቲ ይመድባል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ይቀላቀሉ ነው። ግን አንድ ዶርም ውስጥ አብሮ ከማደር በቀር ምን የጋራ ጉዳይ ሰጣቸው? ልጆቹ ያደጉበት የብሔር ወሬ አብሯቸው ገባ። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ረብሻው ወደ ሌሎችም ግቢዎች ተዛምቶ ስንቱ ተማሪ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ።

ኮንዶሚኒየሙንም ተመልከቱት። ዕጣ ዘርን አያውቅም፤ እኔ በበኩሌ ይህን አደንቃለሁ። ነገር ግን የካቲት 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ ቤት ዕጣ ሲወጣ ኮዬ ፈጬ ላይ ምን እንደሆነ አይተናል። ባለዕድለኛው ዓመታት ሙሉ ቆጥቧል፤ እውነቱን ነው። መሬቱን ለቆ የተነሣው ገበሬም የተከፈለው ካሳ ኑሮውን የማይተካ ነው፤ እሱም እውነቱን ነው። ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ማን ነበር? ማንም! ያንዱ ቁልፍ የሌላው ቁስል ሆነና ጉዳዩ ወዲያው የብሔር ጉዳይ ሆኖ አረፈው።

አሁን ደግሞ የመጨረሻው ጉድ መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ፣ በኮሪደር ልማት ስም የቆዩት ሰፈሮች ተነሡ። መንገዱ አምሯል፣ መብራቱም ያበራል፤ አልክድም። በዚያ የጭቃ ቤት ውስጥ ክረምትን ያሳለፈ ሰው ቤት አገኘሁ ብሎ ቢደሰት አልፈርድበትም። የእኛም ሰፈር ተራው ደርሶት ተነሥቷል። ከዕድራችን ገሚሱ ገላን ጉራ፣ ገሚሱ ቱሉ ዲምቱ፣ የቀረው ደግሞ ኪራይ ቤት ፍለጋ የት እንደገባ አይታወቅም። ካሳ የተባለው ሲሰላ ግድግዳ ተለካ፣ ቆርቆሮ ተቆጠረ። “ስንት ዕድር ፈረሰ?” ብሎ የጠየቀ ሹም አላየሁም።

ይህ ተራ ናፍቆት እንዳይመስላችሁ። አርባ ዓመት የፈጀው ያ መዝገብ፣ ያ መቅጫ፣ ያ የሐጂ “አለ በል” በአንድ ሳምንት ተበተነ። አዲሱ ቦታ ላይ ሰው ሕንጻ ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ ይኼኔ ነው ያ የፑትናም ኤሊ የሚመጣው። በየብሎኩ አዲስ ዕድር ማቋቋም ተጀምሯል፤ ሕዝባችን ብልህ ነው። ግን የሰማሁት አንዳንዱ ወደ ጥንቱ፣ ወደ አገር ልጅ ዕድር እየተመለሰ ነው፤ አንዳንዱም በሃይማኖት እየተከፈለ ነው። እንግዳ ሰው መሀል የገባ ሰው የሚያውቀውን ቋንቋ ቢፈልግ አይፈረድበትም። አንድ ሰፈርን ሳትበትን ማንሣት ግን ይቻል ነበር። በቤት ቁጥር እንደመዘገባችሁን በዕድርም መዝግቡን። አንድ ዕድር አንድ አካባቢ ይመደብ። ኮሚናል የሚባለው የጋራ ቤት ለነጋዴ ከሚከራይ ለድንኳንና ለድስት ማስቀመጫ ይሰጥ። ይህ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዕድርን እንደ ንብረት የሚቆጥር ቅጽ ብቻ ነው፤ ቅጽ ማውጣት ደግሞ ታውቁበታላችሁ!

የእኛ ጥሩምባ ነፊ አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። በቀደም ለሊት አንድ ዕድርተኛ አርፎ ከበረንዳ ላይ ቢነፉ ጥበቃው ሮጦ ወጥቶ “አባባ፣ ልጆች ተኝተዋል” አላቸው። ያንን ቀብር በስልክ ተጠራርተን አሥራ ዘጠኝ ሰው ወጣን፤ ድሮ ሁለት መቶ ነበርን። ልብስ ሰፊው ከቱሉ ዲምቱ ሁለት ታክሲ ይዞ ደርሷል።

ለፊታችን እሑድ ስብሰባ ተጠርቷል። አንዳንዱ “ገንዘቡን ተካፍለን እንለያይ” ይላል። ሐጂ ግን እሱን አጀንዳ አላስያዙም። የተያዘው አንድ ነው፤ ድንኳኑ ማን ቤት ይቀመጥ።